የሂዳያ ጉባኤ ከደጃፍ

ሂዳያን የኢስሊ ሰፈር ሰው ሁሉ «ምሄሺሚዋ» ይላታል፤ በስዋሂሊ «ክብርት» እንደ ማለት ነው። ይህ ግን ሰው ፊት ነው። ጓዳ ጓዳውን አሁንም የሞያሌው ነጋዴ ልጅ፣ ያቺ ቀጭኗ ሂዳያ ናት። የናይሮቢ ካውንቲ ምክር ቤት አባል ከሆነች ወዲህ እግሯ አርፎ አያውቅም። በተለይ ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሊበተን ሲቃረብ የሥራው ብዛት አያድርስ ነው፤ ጧት የበጀት ኮሚቴ፣ ከሰዓት በኋላ ክርክር፣ በመካከሉ ቦይ የተደፈነበት ይደውላል፣ ለቅሶ የደረሰበት ይጠራታል። ምሳዋ መኪና ውስጥ የምትገምጠው ብስኩት ነው። እንዲያም ሆኖ ስትስቅ ነው የምትገኘው።

በዚያ ሰሞን ግን አንድ ረቂቅ ሕግ አሳስቧት ነበር። የመንገድ ዳር ሻጭ ሁሉ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲዘጋ የሚያዝ አንቀጽ ነበረበት። የኢስሊ ገበያ ደግሞ የሚደምቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሠራተኛው ከማታቱ ታክሲው ወርዶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም ሳምቡሳውም ሽርጡም ይሸጣል። አንቀጹ እንዲሰረዝ ረቂቁን የሚመረምረው ኮሚቴ የነዋሪውን ተቃውሞ በስብሰባ ላይ ሰምቶ በድምፅ መቅዳት ነበረበት፤ በወሬ የሚሰማ አይቆጠርም። ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ፣ ስብሰባው ማክሰኞ ሆነ።

ሂዳያ ቤት ለቤት ዞራ ሰዉን ጠራች። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሽበታም ረጅም ሰው፣ ጸሐፊያቸውን ዋፉላን ከነመቅጃው አጠገባቸው አስቀምጠው ሕዝቡ የልቡን እንዲናገር ጋበዙ። የጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ፈድሉ ስለ ሁሉም ተነሡ። ሰብሳቢውን ስለ መምጣታቸው አመሰገኑ፣ ስለ ቤተሰባቸው ጠየቁ፣ እሳቸውንም መንግሥትንም መረቁ፤ ሕዝቡ «አሚን» አለ። በመጨረሻ ምንም ቅሬታ እንደሌለ ተናግረው ተቀመጡ። ሳምቡሳ ሻጯ እትዬ ኩለሱም እንኳ፣ ያ ምላሳቸው የማያርፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው «አሚን» ብቻ አሉ። ዋፉላም «ተቃውሞ የለም» ብሎ ጻፈ።

ሂዳያ በሕዝቡ ፈንታ ልትናገር ሕጉ አይፈቅድላትም። ሰብሳቢው ሊዘጉ ሲሉ ግን የአባቷ ቤት ትዝ አላት። እዚያ እንግዳ ተቀምጦ የሚወራው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ነበር፤ ቁም ነገሩ የሚወጣው ጫማ ከተደረገ በኋላ፣ በር ላይ፣ የማያልቀው ስንብት ሲጀመር ነው። ብድግ አለችና ስብሰባው እስከ ግቢው በር ድረስ እንዲቀጥል ሰብሳቢውን ለመነቻቸው። ሰውዬው ግራ ቢገባቸውም ፈቀዱላት። የዋፉላን ወንበር ራሷ ተሸክማ በሩ ሥር አኖረችው።

ሕዝቡ ሊሰናበት ተሰለፈ። ጋሼ ፈድሉ የሰብሳቢውን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ።

«በሉ እንግዲህ፣ ደኅና ይግቡ። ይቺ የአሥራ ሁለት ሰዓቷ ነገር ግን ልጆቻችንን ታስርብብናለች።»

ከኋላቸው እትዬ ኩለሱም ተቀበሉ። «ሰው ከሥራ ሳይወጣ ሳምቡሳዬን ለማን ልሽጥ? ለድመት?»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። አንዱ ከመዝጋት ይልቅ መብራት እንዲጨመር ጠየቀ፤ አንዷ የማታ ገበያዋ ባይኖር ልጆቿ ከትምህርት ቤት እንደሚቀሩ ተናገረች። ዋፉላ መቅጃውን እንደያዘ የቅድሙን ጽሑፉን ሰረዘ። ሰብሳቢው ይህን ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ለምን እንዳልተናገሩ ቢጠይቁ ጋሼ ፈድሉ ደነገጡ።

«ምን ነካዎ ጌታዬ፣ እንግዳ በቅሬታ ይቀበሉታል እንዴ?»

ሐሙስ ዕለት የተቀዳው ቃል በምክር ቤቱ ተሰማ። የድመቷ ነገር ላይ ሲደርስ ስረዛውን የተቃወሙትም ሳይቀሩ ሳቁ፤ አንቀጹም በድምፅ ብልጫ ተሰረዘ። ሂዳያ ስትወጣ ጀንበር ጠልቃለች። ለእትዬ ኩለሱም ደውላ ማብሰር ስትጀምር ከወዲያ የገበያው ጫጫታ ይሰማታል።

«እሰይ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» አሏት። «አሁን ዝጊው፣ ደንበኛ ቆሞብኛል።»