ስሙን ያልጠራው ድምፅ

ትእዛዙ የመጣው ቀትር ላይ ነው። «ቁስለኞቹን ይዛችሁ ወደ ዋሻው ውጡ፤ ረዳት ጦር እስኪደርስ ኮረብታውን አትልቀቁ» የሚል ነበር። ኮረብታው ከዝቋላ ወደ ተከዜ በሚወርደው ገደላገደል ላይ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ እንስራ ይመስላል። ዛሬ ፍየል ይሰማራበታል።

የታጋዮች ጋንታችን ለሁለት ተከፍላለች። እኛ ከቁስለኞቹ ጋር ዋሻው ዘንድ ነን። የቀሩት በግራችን፣ ከሸለቆው ማዶ ባለው ሸንተረር ላይ ናቸው። ከፊት ለፊታችን፣ በትልቁ ተራራ ላይ፣ የመንግሥት ጦር ምሽግ ቆፍሮ ተቀምጧል። ከሁላችንም በታች፣ ሸለቆው ውስጥ፣ አንዲት ምንጭ አለች። ያን ቀን የተዋጋነው ለዚያች ምንጭ ነው። ስለ አገርም ስለ ሥልጣንም ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የምናስበው ውኃ ብቻ ነበር።

ይህን እንድጽፍ የወተወተኝ አማቼ ነው። እኔ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ክረምቱን ደሃና ወንድሜ ዘንድ እከርማለሁ፤ ብርዱ ሲጠና አበርገሌ ወደ እህቴ ልጅ እወርዳለሁ፤ በጾም ወራት ሰቆጣ ልጄ ስንዱ ቤት ነኝ። ስንዱ ያገባችው ዮናስ የሚባል ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ መምህር ነው። ሰው አክባሪ ነው፣ ጨዋታም ያውቃል። አንድ ሱስ ግን አለበት፤ የጦርነት ፊልም። ከየአገሩ ይሰበስባል። በረዶ ላይ የሚዋጉ አሉ፤ ጫካ ለጫካ በሄሊኮፕተር የሚዋጉ አሉ፤ አሸዋ ላይ በታንክ የሚዋጉ አሉ። አይቶ አይበቃውም፤ ፊልሙ እውነት ይሁን ውሸት ደግሞ በስልኩ ይመረምራል።

«እማማ! ይህ ታንክ በዚያ ዘመን ገና አልተሠራም ነበር አሉ!» ይለኛል።

«ይሁና። ታንኩ ምን አደረገህ?»

«ውሸት ነዋ! የቆቡም ዓይነት ልክ አይደለም።»

«ቆቡን ተወውና ኮዳቸውን እይልኝ። የሁሉም ሙሉ ነው። ጠጥቶ የተረፈውን ይደፋዋል እኮ ይኼ!»

ስንዱ ከጓዳ ትጮሃለች፤ «ዮናስ፣ ተዋት እናቴን! ማታ የምትቃዠው እኔ አጠገብ ነው!»

«እኔ መቼ ቃዠሁ?»

«ትናንት ማን ነበር 'ውረዱ፣ አትውረዱ' ሲል ያደረው?»

 ዮናስ የፊልሙን ድምፅ ቀነሰው።

አልዋሽም፣ ደህና አድርገው የሠሩትም አለ። በረዶ ላይ ከሚዋጉት አንዱ፣ ጓደኛው አጠገቡ ወድቆ፣ እሱ የጫማውን ክር ያስራል። ያስርና ይፈታል፤ እንደገና ያስራል። ያን የሠራ ሰው ወይ ራሱ ነበረበት፣ ወይ ከነበረበት ሰው ጠይቋል። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ግን በሁሉም ያው ነው። በፊልም ጠላት የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ነው። ሲናገር ከታች ጽሑፍ ይመጣል። ጽሑፉ ስለሚፈጥንብኝ ዮናስ ያነብልኛል፤ ወይ ትእዛዝ ነው፣ ወይ ስድብ። አንድ ቀን «እማማ፣ በእርስዎ ጊዜስ እንዲህ ነበር?» አለኝ።

«የእኛ ጠላት ከታች ጽሑፍ አያስፈልገውም ነበር» አልኩት።

«እንዴት ማለት?»

እንዴት ማለት እንደሆነ ይኸው።

በአገራችን በዋግ ሰው ከሸንተረር ሸንተረር ይጣራል። ፍየል ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ድምፁን እየሳበ ይጣራል። ጥሪ ሕግ አለው። መጀመሪያ «እኔ የእገሌ ልጅ፣ የእንዲህ ያለው አገር» ይባላል፤ ወሬው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን ላልጠራ ድምፅ መልስ አይሰጥም። ጅብም በሰው ድምፅ ይጣራል፣ ክፉ መንፈስም ይጣራል፤ የአባቱን ስም ግን ሊጠራ አይችልም፤ እንዲህ ብለው ነው ያሳደጉን። ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው ስሙን ሳይጠራ ቢጣራ እናቴ አፌን በእጇ ትይዘው ነበር፣ እንዳልመልስ።

ሬዲዮ ስላልነበረን በዚሁ ልማድ ተዋጋን። በአፋችን፣ ሰው አገውኛ በሚለው በኽምጠኛ፣ ተራራ ለተራራ እንነጋገራለን። ወታደሩ ከሩቅ አገር የመጣ ስለሆነ እረኛ የሚጣራ ይመስለዋል። ስንት ጊዜ አድኖናል።

ተሲያት ላይ ኮዳው ሁሉ አለቀ። ዋሻው እንደ ምድጃ ጋለ። ጓደኛዬ ጸሐይ ጭኗን ተመትታ ተጋድማለች። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ነች፤ በጠመንጃዬ ሰደፍ ላይ በከሰል እየጻፈች። አጠገቧ ደሳለ አለ፤ ዝምተኛ ገበሬ ነው፣ ትከሻውን ተመትቶ ብዙ ደም ፈስሶታል። ሌሎችም ቁስለኞች ነበሩ። ሁሉም የሚያየው የእኔን እጅ ነው፤ ኮዳ የምይዘው እኔ ነበርኩና።

«አራግፊው እስቲ» አለችኝ ጸሐይ።

«አራግፌዋለሁ።»

«ድጋሚ። ለእኔ አይደለም፣ ለደሳለ ነው።»

ደግሜ አራገፍኩት። ምንም አልወጣም። ጥላ ያረፈበትን የአለቱን ጎን ላስነው፤ ቀዝቃዛ ነበር እንጂ እርጥብ አልነበረም። ደሳለ ምላሱ አብጦ መናገር አቃተው። ጀምበር ሳትጠልቅ ውኃ ካልመጣ ደሳለና ጸሐይ እንደማያድሩ ሁላችንም አውቀናል።

የጋንታው መሪ አያሌው ወጥቶ ድንጋይ ተከለለ። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«እኔ አያሌው፣ የወርቁ ልጅ፣ የደሃናው! ጀምበር ገደሉን ስትነካ ወደ ምንጩ ውረዱ! እኛ በተኩስ እንሸፍናችኋለን!»

ከግራው ሸንተረር ካሡ መለሰ። ካሡ በጦርነትም መካከል ሳይቀልድ የማይውል የሰቆጣ ልጅ ነው።

«እኔ ካሡ፣ የመብራቴ ልጅ፣ የሰቆጣው! ሰምተናል! ለጸሐይ ውኃ ይበቃታል ወይስ ጠላ ልጥመቅላት?»

ጸሐይ ሳቀች። ስትስቅ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደማ።

ያኔ ሦስተኛ ድምፅ ሰማን። ከፊት ለፊት፣ ከጠላት ምሽግ። በእኛ አፍ።

«አትውረዱ! መትረየሱ ምንጩ ላይ ተጠምዷል! ከዋሻችሁ ጀርባ፣ ከሾላዋ ሥር፣ አለቱ ያንጠባጥባል! ከዚያ ቅዱ!»

 እዚያ ማዶ ያለው ጦር አፋችንን ይሰማል ብለን አስበን አናውቅም።

አያሌው ተጣራ፤ «ማነህ? የማን ልጅ ነህ?»

መልስ የለም።

«የማን ልጅ ነህ እኮ እልሃለሁ!»

አሁንም የለም። ነፋስ ብቻ።

«አያችሁ?» አለ አያሌው ወደ እኛ ዞሮ። «አባቱን አይጠራም። ከዋሻው ጀርባ ገላጣ ነው፤ አስወጥቶ ሊለቅመን ነው።»

«አነጋገሩ የዝቋላ ነው» አልኩ።

«የዝቋላ ሰው አባት የለውም?»

ጸሐይ ከዋሻው ውስጥ «ፈርቶ ይሆናላ» አለች።

«ማንን ይፈራል? እዚያ ከእሱ በቀር አፋችንን የሚሰማ ማን አለ?»

 የዚህ መልስ ዛሬ አለኝ። ቋንቋ የማይሰማ ሰውም ስም ይሰማል። ልጁ ከገበያ ታፍሶ የተወሰደ ነበር መሰለኝ፤ እንደዚያ የተወሰዱ ብዙ ነበሩ። የአባቱን ስም ቢጠራ፣ ስሙን የሚያውቀው አለቃው እዚያው ነው። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየንም። ያሳደገን ልማድ አፋችንን ያዘን፤ እንደ እናቴ እጅ።

ካሡ ከማዶ «ምን ይሻላል?» ብሎ ተጣራ።

«እንደ ተባባልነው!» አለ አያሌው።

ጀምበር ገደሉን ነካች። ከግራው ሸንተረር ሦስት ወረዱ፤ ካሡ፣ ምስጋናው፣ ተካ። እኛ መተኮስ ጀመርን። ምንጯ ዘንድ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ያ ድምፅ እንደገና ተጣራ። «አትው—» ብሎ ሳይጨርስ አንድ ጥይት ጮኸ። ከምሽጋቸው ውስጥ ነው የጮኸው። ወደ እኛ የተተኮሰ መሰለን።

ከዚያ መትረየሱ።

ተካ መንገድ ላይ ወደቀ። ምስጋናው ወደ ኋላ ሊመልሰው ዞረና በላዩ ላይ ወደቀ። ካሡ ምንጯ ደርሶ ነበር። ቢጫውን ጄሪካን ነከረው፤ ከላይ ሆነን እናየዋለን። ከዚያ ካሡ ተደፋ። ጄሪካኑ ብቻውን ሲሞላ፣ ሲከብድ፣ በጎኑ ሲጋደም አየን። ሸንተረሩ ላይ የቀሩት ሊወርዱ ሞከሩ፤ መትረየሱ አላስወጣ አላቸው። እኛም ጥይት ጨረስን። ያን ሞልቶ የተጋደመ ጄሪካን እስኪጨልም ድረስ ስናየው ነበር። ሌሊቱንም መትረየሱ ወደ ምንጯ ሲተኩስ አደረ።

ደሳለ ሲመሽ ሞተ። ጸሐይ እጄን ይዛ «ካሡ መጣ?» አለችኝ።

«እየመጣ ነው።»

«ጠላውን ይተወው በይው።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ጎህ ሲቀድ ረዳት ጦር ደረሰ። ጠላት ተራራውን ለቆ ሄደ። አያሌው ለማንም ሳይናገር ከዋሻው ጀርባ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ሾላዋ ሥር አለቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ያንጠባጥባል። ከሥሩ ያለው ጎድጓዳ ድንጋይ ጢም ብሎ ሞልቷል። አያሌው አጠገቡ ተቀመጠ፤ አልነካውም። እኔ ኮዳዬን ሞላሁና በሕይወት ለቀሩት ቁስለኞች ሮጥኩ። ሲጠጡ የሚሰማውን ድምፅ በፊልም ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ወደ ጠላት ምሽግ ወጣን። የእነሱ ሬሳ በምሽጉ ውስጥ ነበር። አንዱ ግን ከምሽጉ ወጥቶ፣ አፋፉ ላይ፣ ወደ እኛ ዞሮ ነው የወደቀው። የተመታው ከኋላው ነው። ጢሙ ገና ያልበቀለ ልጅ ነው፤ ማተቡ አንገቱ ላይ አለ። ቀኝ እጁ ጆሮው ላይ እንዳለ ደርቋል።

ያየ ሁሉ ሦስተኛው ድምፅ የእሱ እንደነበር አወቀ። የሚያስረዳ አላስፈለገም።

በአቅራቢያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር መቃብር ስንቆፍር አያሌው ቆጠረ። «ካሡ፣ ምስጋናው፣ ተካ፣ ደሳለ፣ ጸሐይ። አምስት።» ጋቢውን አውልቆ ልጁን አለበሰው። «ስድስት በሉ» አለ።

ከረዳት ጦሩ አንዱ «ይኼ እኮ የእነሱ ነው» አለው።

«ስድስት አልኩ!»

ቄሱ ለፍትሐት የክርስትና ስማቸውን ጠየቁ። የአምስቱን ተናገርን። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። አያሌው ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ዘመን አብሮኝ ተዋጋ፤ ተራራ ለተራራ ሲጣራ ግን ደግሜ አልሰማሁትም።

ሰው «ይቺ አሮጊት ምን ያዞራታል?» ይላል። የዝቋላ ገበያ በዋለ ቁጥር እሄዳለሁ። ልጇ ታፍሶ የቀረባት፣ ጥሪ የሚያውቅ ልጅ የነበራት እናት አለች ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዲት ብትሆን ደግ ነበር። ብዙ ናቸው። ሁሉም «ድምፁ ሦስት ሸንተረር ይሻገር ነበር» ይሉኛል። ከእናቶቹ ሦስቱን እዚያ መቃብር ድረስ ወስጃቸዋለሁ፤ እያንዳንዳቸው የልጄ ነው ብለው አልቅሰውበታል። አንዷንም አይደለም አላልኳትም፤ ነውም አላልኳትም። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛዋ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ስሄድ ድምፄን ለይታ «ስሙን አገኘሽልኝ?» ትለኛለች።

ፊልም ሲያልቅ ስም ይወጣል። ነጫጭ ስሞች ከታች ወደ ላይ፣ ማለቂያ የላቸውም። ዮናስ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ «ተወው፣ ይለቅ» እለዋለሁ።

«እማማ፣ እነዚህ እኮ ሠራተኞቹ ናቸው። ምግብ ያቀረበው ሳይቀር አለ።»

«ደግ አደረጉ። ይለቅ።»

ስሞቹ ወደ ላይ ሲወጡ እኔ የራሴን በጣቴ እቆጥራለሁ። ካሡ፣ ምስጋናው፣ ተካ፣ ደሳለ፣ ጸሐይ። እነሱ በአንድ እጄ ያልቃሉ። ስድስተኛው በሌላው እጄ ላይ ብቻውን ነው።