ከአስፋልቱ በታች ያለ ዘመድ

መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ለብዙ ሰው "ኮሚቴው ነው" ብያለሁ፤ ሐሳቡን ያመጣሁትም፣ የተከራከርኩለትም፣ በቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ የሳብኩትም ግን እኔ ነኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቀጥ ያለ መስመር እወዳለሁ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር ከተፈለገ ያለው አስፋልቱ ነው። ወደ ደሴ የሚሄደውም ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውም መኪና ከተማችንን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። እኔ የማስተምርበት ነባሩ ትምህርት ቤት ከአስፋልቱ በላይ፣ ገበያው አጠገብ ነው። አንድ ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ይቀመጥ ነበር። በከሰዓቱ ፈረቃ፣ በዚያ ሙቀት ላይ የልጆቹ ትንፋሽ ሲጨመርበት፣ እንቅልፍ መጀመሪያ የሚጥለው እኔን ነበር። ከአስፋልቱ በታች አዲስ ትምህርት ቤት ሲሠራልን እልል ያልነው ለዚህ ነው። የቀረው ማን የት ይማር የሚለው ብቻ ነበር።

ለእኔ ነገሩ ቀላል ነበር። ከላይ የሚኖር ከላይ፣ ከታች የሚኖር ከታች ይማር። ሲኖትራክ እያጓራ ሲመጣ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እየሮጡ የሚሻገሩ ልጆች በየጠዋቱ ያስደነግጡኝ ነበር። ከእንግዲህ አንድም ልጅ አስፋልት ተሻግሮ አይማርም አልኩ። ኮሚቴውም ተስማማ።

ሰኔ ላይ ወላጆችን ግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሰበሰብን። መጀመሪያ የተነሱት ከታች የመጡ አንድ አባት ነበሩ። "ይሄን ግንብ ድንጋይ ተሸክሜ ያቆምኩት እኔ ነኝ" አሉ፣ ግንቡን በእጃቸው እያሳዩ። "አሁን ልጄ ከግንቡ ውጪ ልትሆን ነው?" ከእሳቸው ቀጥላ የሦስት ልጆች እናት ተነሳች። በእሷ ቤት ዩኒፎርም ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው የሚወርደው፤ የአዲሱ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ደግሞ ቀለሙ ሌላ ነው። "ሰማያዊውን ለመጨረሻው ልጄ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። አረንጓዴ ከየት ላምጣ?" አለች። አንድ ባጃጅ ነጂ ደግሞ ከኋላ ሆኖ "አንድ ዛፍ በሌለው ሜዳ ላይ ልጆቻችንን ልትቀቅሏቸው ነው!" ብሎ ጮኸ። ከላይ የሚኖሩት ወላጆች ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ለእነሱ ልጆች ዴስክ ሊሰፋላቸው ነው፤ ምን ብለው ይናገሩ?

እኔ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ዛፍ ይተከላል አልኩ፤ ዩኒፎርም ለአንድ ዓመት አይጠየቅም አልኩ፤ ግንቡን ላቆሙት አባት ግን "ግንብ አይወረስም" ብዬ መለስኩላቸው። ሰዎች ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቁጭ አሉ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ከዚያ ምዝገባ ሆነ። ደንባችን ተማሪ ወላጁ ወይም አሳዳጊው በሚኖርበት በኩል ይመዘገባል ይል ነበር። አሳዳጊ የምትለዋን ቃል ስንጽፍ አላሰብንበትም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአስፋልቱ በታች ያለ ልጅ ሁሉ ከአስፋልቱ በላይ አክስት፣ የክርስትና እናት፣ የአባት የአጎት ልጅ አገኘ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ፤ ሮቢት እንደዚያ ሰሞን ተዛምዳ አታውቅም። እኔ እየጠየቅኩ መለስኳቸው። "ልጁ የት ነው የሚያድረው?" እላለሁ። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ ውሸት ሲሆን አውቀዋለሁ። የገዛ ወንድሜን ልጅ ሳይቀር መለስኩት። እናቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ፊቷን ታዞርብኝ ጀመር። ሰፈሩም "እትዬ አስፋልት" የሚል ስም አወጣልኝ።

በምዝገባው የመጨረሻ ቀን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ገቡ። በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ የማያውቃቸውም የለም። የትምህርት ቤቱን ግንብ ተደግፈው ለሽንኩርት ጆንያ ማሰሪያ የሚሆን የቃጫ ገመድ እየገመዱ ይሸጣሉ። ቤታቸው ከአስፋልቱ በታች ነው። ጠዋት ልጅቷ አሻግራ ቦታቸው ላይ ታስቀምጣቸውና ወደ ክፍሏ ትገባለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይዛቸው ትመለሳለች። እናቷ አረብ አገር ናት፤ ሌላ ሰው የላቸውም።

"ከአስፋልቱ በላይ አሳዳጊ አላት?" አልኳቸው።

"አላት።"

"ማን ናቸው?"

"አንቺ።"

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። "ባለቤቴ አላህ ይዘንላትና ጡቷን አጥብታሻለች። እናትሽን ወባ ጥሏት ወተቷ ሲደርቅ እኛ ቤት ነበር የምትጠቢው። በእኛ ዘንድ ጡት ዘመድ ያደርጋል፤ በእናንተም የጡት ልጅ ልጅ ነው። እስከ ዛሬ አላስቸገርኩሽም።"

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ በእናቴ ታዝዤ ወደ ታች ስወርድ ከቤቷ ወጥታ ሁለቱንም ጉንጬን አጥብቃ ትስመኝና ሎሚ በእጄ ታስይዘኝ ነበር። ለምን እንደምትስመኝ ጠይቄ አላውቅም። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ግን አመንኳቸው።

ማመኔ መከራዬን አበዛው። ልጅቷን ለመመዝገብ ከእኔ ጋር ትኖራለች ብዬ መፈረም ነበረብኝ። ለወንድሜ ልጅ እምቢ ያልኩትን ውሸት ለራሴ ልዋሽ? ደግሞስ መስመሩን ያሰመርኩት ልጅ አስፋልት እንዳይሻገር ብዬ አልነበር? ይቺ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከሁሉም የባሰውን ነው የምትሻገረው፤ አንድ ዓይነ ስውር ይዛ።

"አልችልም አባባ" አልኳቸው።

"እሺ ልጄ" አሉና የልጅቷን ትከሻ በእጃቸው ፈለጉ። ልጅቷ ግን ከቦታዋ ሳትነቃነቅ "ታዲያ አባባን ማን ያሻግራቸው?" አለችኝ።

"እኔ" አልኩ። አስቤበት አይደለም፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ታች እወርዳለሁ። ልጅቷ እሳቸውን ቁርስ አብልታ፣ በሰማያዊ ዩኒፎርሟ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፋኝ ነበር፤ እሳቸውን የቀማኋት ሳይመስላት አልቀረም። እኔ እጃቸውን ይዤ አስፋልቱ ዳር እንቆማለን፤ ስድስት ሰዓት ላይም እንዲሁ መልሼ አሻግራቸዋለሁ። ያ በስብሰባው የጮኸብኝ ባጃጅ ነጂ ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ "እትዬ አስፋልትም አስፋልት መሻገር ጀመሩ!" ይለኛል። ይለኛል እንጂ ከዚያ መንገዱን በባጃጁ ዘግቶ ያሳልፈናል። የወንድሜም ሚስት አንድ ቀን ከኋላችን ደርሳ የገመዱን ጆንያ ከእጄ ተቀብላ እስከ ግንቡ አደረሰችልን።

እሳቸው በመንገድ ላይ ወሬ ይወዳሉ። ባለቤታቸው ነጭ ጋውን ለብሼ ሳልፍ ስታይ "ያቺን ያስተማራት የእኔ ጡት ነው" እያለች በጎረቤት ፊት ትኮራ እንደነበር ነግረውኛል። ሲነግሩኝ እኔም እኮራ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ለቅሶ ለመድረስ ካራቆሬ ሄድኩ። እዚያ የእናቴን ታላቅ እህት አገኘኋትና የጡት አባቴን እንደማሻግር በደስታ አወራኋት። አክስቴ ግራ ገብቷት አየችኝ።

"አንቺማ የእናትሽን ጡት እስክትጠግቢ ነው የጠባሽው" አለችኝ። "የሴትዮዋን ጡት የጠባችው ከአንቺ በፊት የነበረችው እህትሽ ናት። እናትሽ ይዛት ወደዚህ መጥታ፣ እዚሁ በሁለት ዓመቷ ወባ ገደለቻት። አንቺ የተወለድሽው ከዚያ በኋላ ነው። አድገሽ ወደ ሮቢት ስትመለሱ ያቺ ሴትዮ አንቺን አይታ 'ልጄ አደገችልኝ!' ብላ ታቅፍሻለች። እናትሽም 'ያቺኛዋ ሞታለች' ማለት አቃታት። ዝም አለች።"

እህት እንደነበረችኝ እንጂ ስለ እሷ ምንም አላውቅም ነበር። በመኪና ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ለማላውቃት እህቴ ነው፣ ለእናቴ ዝምታ ነው፣ ወይስ የእኔ ላልነበረው ሎሚ፣ መለየት አልቻልኩም። ለሽማግሌው ልነግራቸው ይገባል ብዬም አሰብኩ፤ ለሌላው ሰው ውሸት አልፈርምም ያልኩ ሴት ነኝ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሰው ቢገኝ አደራ፣ እዚህ ሲደርስ ይዝለለው።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ኮቴዬን ከሩቅ ያውቁታል።

"መጣሽ ልጄ?" አሉኝ።

"መጣን አባባ" አልኳቸው፣ ስለ እህቴም ጭምር።

ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ በጆሯቸው ትንሽ ፈለጉ፤ ከዚያ እጃቸውን ሰጡኝ፤ ወደ አስፋልቱ ወጣን።