የክርስትና ስሙን ፍለጋ

አባታችንን የገደለው ሰው ከእስር የተፈታው እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሰቆጣ በገባሁ በወሩ ነው። ነገሩ የድንበር ነበር። እዚያው ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ባለው ማሳችን ዳር ተሰዳደቡ፤ አባቴ ድንጋይ አነሳ፣ ሰውዬው መጥረቢያ። ሬሳውን ሲያመጡት አንገቱን በነጠላ አስረውት ነበር፤ ነጠላው ግን ደሙን አልያዘውም። ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ታላቅ ወንድሜ ደም እመልሳለሁ ብሎ አያውቅም። ሰውዬው በተፈታ ሰሞን ግን በዱላው ጫፍ ብረት አስመታበት። እናቴ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ሰውዬው እንዲጠፋላት ትለምናለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ወንድሜን ነፍሰ ገዳይ እንዳያደርግብኝ እለምናለሁ። ሁለታችንም አንድ መቅደስ ፊት ቆመን ጎን ለጎን እንሰግድ ነበር። ሰባት ቀን በጥሬና በውኃ ሱባኤ ያዝኩ።

በስምንተኛው ቀን ከወንድሜ ጋር ገበያ ወጣን። ሰውዬው ፍየል ተራ ቆሞ ዋጋ ይከራከራል። የመጀመሪያው ምት መንጋጋውን ሰበረው፤ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ጭንቅላቱ ላይ አረፈ። የፍየሉን ገመድ ሳይለቅ ወደቀ። መጮህ ነበረብኝ። ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ አፌ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ወንድሜ ሰውዬው ከወደቀ በኋላም መታው። ሰዎች ዘለው ሲይዙት ጫማዬ ላይ ደም ነበር።

ሰውዬው ሆስፒታል ሲገባ ይተነፍስ ነበር። ስለዚህ ለአባቴ ገዳይ ዕድሜ መለመን ያዝኩ። ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ።

"አባ፣ ለታመመ ሰው ይጸልዩልኝ።"

"የክርስትና ስሙ ማነው?"

አላውቀውም አልኩና ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩ።

"እናትሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ስሙን ይዘሽ ነይ።"

ሚስቱ ሆስፒታሉ ግቢ፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። በመንገድ ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ስለነበር ሌላ ነገር አላሰብኩም።

"እትዬ፣ የባለቤትዎን የክርስትና ስም ይንገሩኝ፤ ላስጸልይላቸው ነው።"

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

ነገርኳት። ፊቷ ሲለወጥ ነው የገባኝ። በአገራችን የክርስትና ስም ለጠላት አይነገርም፤ በስሙ ይደገምበታል ተብሎ ይፈራል። እኔ ደግሞ የጠላት ልጅ ነኝ።

"ዱላው አልበቃችሁም? አሁን ደግሞ ደብተራ ቤት ልትወስጂው ነው?"

"በእግዚአብሔር፣ ለሕይወታቸው ነው።"

"ተምራ ተምራ ጠንቋይ ሆና መጣች!" አለች፣ ዙሪያዋን ለተቀመጡት። ሹሩባዬን ይዛ ጎተተችኝ። አጠገቧ የነበረውን ጀሪካን አንስታ አፌ ላይ ስታሳርፈው ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ ደሙን ዋጥኩት። ጉልበቷ ደረቴ ላይ ነበር። ዘበኛው ሲያላቅቀን የጸጉሬ ጉንጉን እጇ ላይ ቀረ።

"አልነገረችሽም" አሉ አባ፣ ከንፈሬን አይተው።

"አልነገረችኝም።"

"ተይው። ያለ ስም እንለምናለን።"

ሦስት ቀን ሰገድን። በአራተኛው ቀን ሰውዬው ሞተ።

ወሬውን የሰማችው እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው ወንድሜን አስታወሰች መሰለኝ፣ አፏን በእጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰዎች የእሷ ጸሎት ተሰማ ይላሉ። ያልተሰማው የእኔ ጸሎት ካስደነገጠኝ በላይ ያ ንግግር ያስደነግጠኛል። እግዚአብሔር ለምን ዝም እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝም ያለኝ እኔን ንቆ፣ ወይ የእናቴን መርጦ ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

ለወንድሜ ስንቅ ይዤ ወደ ማረሚያ ቤት ሄድኩ።

"ሞተ አይደል?"

"ሞተ።"

"ስትጸልዪለት ነበር አሉ።"

"ለሁለታችሁም።"

"ለሁለታችንም አልሆነ።"

"አልሆነም።"

"ታዲያ ተውሽው?"

"አሁንም ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣሁት።"

"ምን ብለሽ?"

"ወንድሜን አትተውብኝ ብዬ።"

"ምን አለሽ?"

"ምንም።"

እንጀራውን ፈትቶ አየው፤ አልበላም። መልሶ ቋጠረውና ዓይኑን ሳያነሳ፣

"ነገም ሂጂ" አለኝ።