ጥሬ ሥጋ የተጠለፈባቸው ኮፍያዎች

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥልፍ ክፍል ሱፐርቫይዘር በነበርኩበት ጊዜ በርገር ቀምሼ አላውቅም ነበር። ከተማው በየሳምንቱ ፎቅ ይጨምራል፣ ከኦሎምፒያ እስከ ኤርፖርት ድረስ መንገዱ በርገር ቤት በበርገር ቤት ሆኗል፤ እኔ ግን ሥጋ ሲያምረኝ የምሄደው ልኳንዳ ቤት ነው። ተፈጭቶ ዳቦ ውስጥ የተደበቀ ሥጋ ከየትኛው ብልት እንደመጣ ማን ያውቃል? ደሞ ሥጋ ሻጩን ሳልጨቀጭቅ የበላሁት ሥጋ አይዋጥልኝም። እንግዲህ ለበርገር ቤት ሠራተኞች ኮፍያ እንድታሠራ የተመደበችው ይህችው ሴትዮ ናት።

ትእዛዙ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። እዚያ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አንድ በርገር ቤት በርካሽ የሚሰፋለት አገር ሲያፈላልግ እኛን አገኘ። ጨርቁ ከአንድ አገር፣ ክሩ ከሌላ አገር ይመጣል፤ ጉልበቱ የእኛ ነው። ኮፍያው ግንባር ላይ በርገር ይጠለፋል፤ ከላይ ዳቦ፣ ከዚያ ሰላጣ፣ ቺዝ፣ ሥጋ፣ ከታች ደግሞ ዳቦ። እኔም ሰርቪስ ውስጥ ሳይቀር "የምንሠራው ኤክስፖርት ነው" እያልኩ እጎርር ነበር።

ችግሩ የክሮቹ ቀለም የተጻፈበት ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ሲደርሰን የሥጋው መስመር ጠቁሮ አይነበብም። ማሽኑን የምታሠራው ልጅ ከወላይታ የመጣች፣ ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች፣ ግን እጇ ወርቅ የሆነ ልጅ ነበረች።

"እትዬ፣ የሥጋው ቀለም አይነበብም። ቢሮ ልጠይቅ?" አለችኝ።

"ኧረ በፈጠረሽ! ሥጋ ምን ዓይነት ነው? ቀይ ነዋ!"

ክሩንም ራሴ መረጥኩላት፤ ደማቁን፣ ገና ከብልቱ የተቆረጠ የሚመስለውን። አምስት መቶ ኮፍያ ተጠልፎ ሲደረደር አፌ ምራቅ ሞላ። ሚጥሚጣ ብቻ ነው የጎደለው እያልኩ ልጆቹን አሳቅኳቸው።

ማክሰኞ ዕለት የገዢው ተቆጣጣሪ መጣች፣ ረጅም ፈረንጅ። አንዱን ኮፍያ አነሳች፣ አየችው፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ጥሬ ነው ትላለች" አሉ ማናጀሩ እያስተረጎሙ።

"ትኩስ ነው በሏት!" አልኩ እኔ።

ሴትየዋ ግን የምትቀልድ አልነበረችም። በእነሱ አገር የተፈጨ ሥጋ መሐሉ ቀይ ሆኖ ከተሸጠ ሰው ይታመማል፣ ልጆች ሆስፒታል ይገባሉ፣ በርገር ቤቱ ይከሰሳል። ታዲያ ሠራተኛው በሽታ ግንባሩ ላይ ለጥፎ ነው ምግብ የሚሸጠው? እኔም እልህ ይዞኝ፣ እሑድ ዕለት ጥሬ ክትፎ በልቼ ይኸው ቆሜያለሁ አልኩ። "አትታመሙም?" ብላ ጠየቀች ከልቧ። "እንታመማለን እንጂ! የኮሶ መድኃኒት እንውጣለን፣ ከዚያ እንደገና እንበላለን።" ማናጀሩ ይቺን አላስተረጎሙልኝም።

ዕቃው ሐሙስ መጫን አለበት። ትክክለኛውን የክር ቀለም ቁጥር ከአገሯ እስክታስልክ ጊዜ ስለሌለ፣ የበሰለ ሥጋ ይምሰል እንጂ ይበቃኛል ብላ ሄደች። ማናጀሩ ያን ጊዜ ወደ እኛ ዞሩ።

"ማነው ቀዩን ክር ያስገባው?"

"እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ።

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም።"

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ሰውየው ኮፍያዎቹን አስተካክለሽ ስትጨርሺ የስንብት ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ አሏት፤ እሷም "እሺ" ብላ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ለአንድ ወር የሚበቃ ወሬ በቀን የማወራው እኔ፣ ያን ቀን እስከ ማታ ቃል አልወጣኝም።

መላውንም ያመጣችው እሷ ናት። ቀዩ መፈታት የለበትም፣ ቡናማ ክር ከላዩ ይደገምበት አለች። መጋዘን ውስጥ አምስት ዓይነት ቡናማ ተገኘ። የበሰለው የበርገር ሥጋ የትኛውን ይመስላል? ከሠላሳ ሰው አንድም የሚያውቅ የለም! በርገር በግንባሩ ይዞ የሚሄድ ኮፍያ እየሠራን በርገር የበላ ሰው አጣን። ማናጀሩ ተናድደው ገንዘብ አወጡና "ሂዱ፣ ገዝታችሁ አመሳክሩ" አሉን።

ረቡዕ ከሰዓት በፊት እኔና ልጅቷ አምስቱን ክሮች በፌስታል ይዘን ቦሌ አንድ በርገር ቤት ገባን።

"አንድ በርገር" አልኩት አስተናጋጁን። "የፍስክ።"

"ለሁለታችሁ አንድ?"

"እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ጾመኛ ነኝ።"

"የጾምም አለን እኮ፣ የምስር።"

"የምስሩ ቀለም አያስፈልገኝም" አልኩት፤ ልጁ ግራ ገብቶት ሄደ። በርገሩ ሲመጣ ዳቦውን ገለጥኩና ክሮቹን በየተራ ከሥጋው ጎን አቆምኳቸው፣ ወደ መስኮቱም ወስጄ በብርሃን አየሁ። የጎረቤት ጠረጴዛ መብላቱን ትቶ እኛን ያያል። ሦስተኛው ክር ልክ ሥጋውን መሰለ። ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።

"በዪ በቃ" አልኳት። በሁለት እጇ ይዛ ገመጠች።

"እንዴት ነው?"

"ለስላሳ ነው። ጥርስ የሌለውም ሰው ይበላዋል።" ቀጥላ ዋጋው ስንት ነው አለችኝ። ስነግራት ማኘኳን አቆመች፤ ከሦስት ቀን ደሞዟ ይበልጥ ነበር። "ውይ! ታዲያ ቀስ ብዬ ልብላው" ብላ ሳቀች፣ እኔንም አሳቀችኝ።

ሳቃችን ሲያልቅ ማለት የነበረብኝን አልኩ። "ትናንት ለምን ማንም አላዘዘኝም አልሽ?"

"እርስዎ ልጆች አሉዎት።"

"አንቺስ? ምን ልትሆኚ ነው?"

"አገሬ እገባለሁ። ወንድሜ ትምህርቱን ትንሽ ያቆማል እንጂ ሌላ ምን ይመጣል?" አለችና ጣቷን በሶፍት ጠረገች። እኔ ያን ሰዓት መሬት ብትሰነጠቅልኝ እገባ ነበር፤ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ሆኖም እዚያም ቢሆን እኔ እናገራለሁ አላልኳትም። ሰርቪስ ላይ የሚጮኸው አፌ አሁንም እምቢ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱን ኮፍያ መልሰን የጥልፍ ማሽኑ ፍሬም ላይ አሰርን፣ ቀዩም ቡናማ ለበሰ። ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ አንዱን ራሷ ላይ ደፍታ ሳቀች። ካርቶኖቹ ተጫኑ፤ መኪናው ከግቢ ሲወጣ ልጆቹ እልል አሉ። በእልልታው መሐል ማናጀሩ በጣታቸው ልጅቷን ጠሯት።

ተከትያት ገባሁ። ደብዳቤው እጇ ላይ ነበር።

"ቀይ ነው ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "እሷማ ቢሮ ልጠይቅ ብላኝ ነበር። ክሩንም የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

ማናጀሩ ወደ እኔ ዞሩ። "ማክሰኞ ስጠይቅ የት ነበርሽ?"

"አጠገቧ ቆሜ ነበር።"

ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ፣ የወሩ ቦነስም ቀረብኝ፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ያን ሁሉ የፈራሁት ለዚህ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ፣ ማክሰኞ ያላለቀሰችው ልጅ እየሳቀች አለቀሰች። ትከሻዬን በቡጢ መታ አደረገችኝ።

"እትዬ፣ ምናለበት ያኑ ዕለት ቢናገሩ ኖሮ?" አለች። "ሁለት ሌሊት እኮ ይናገራሉ፣ አይናገሩም እያልኩ አልተኛሁም።"