የባሕሩ ታች

ለአባቴ ባሕር ታች እንደሌለው ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነበር።

ወንድሜ የመርከብ መካኒክ ነበር። ከመርሳ ወልዲያ በሚኒባስ ሲሄድ ገና ሲሪንቃ ሳይደርስ የሚያስመልሰው ልጅ፣ ሄዶ ሄዶ መርከበኛ ሆነ። በቪዲዮ ሲደውልልን ከጀርባው ብረትና ቱቦ እንጂ ውሃ የሚባል ነገር አይታይም። አባቴ "እስቲ ባሕሩን አሳየኝ" ይሉታል። "እኔስ መች አየሁት አባባ፣ ውሎዬ ሞተር ክፍል ነው" ይላቸዋል።

ከዚያ ማዕበል መርከቡን አሰጠመው። የደወለልኝ የመርከብ ድርጅቱ ሰው ፍለጋው እንደቆመ፣ የወንድሜ አስከሬን ግን እንዳልተገኘ ነገረኝ። ከቤታችን እንግሊዝኛ የምሰማ እኔ ነኝና ጣጣው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ።

ሸሁ አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገድ ሶላት እንዳለ ነገሩን። እናቴ ለቅሶ ልትቀመጥ ፈለገች። አባቴ እምቢ አሉ። በእኛ አገር ክረምት ጎርፍ ሰው ሲወስድ ወንዶቹ ወንዙን ይዘው ወደ ቆላ ይወርዳሉ፤ ሳያገኙት አይመለሱም። እሳቸውም በጉብዝናቸው ስንቱን አውጥተዋል።

"ውሃ የወሰደውን ታች ይተፋዋል። ታች ወርዶ ያየ አለ? ጠይቂልኝ" አሉኝ።

ጠየቅሁ። በምን አፌ እንደጠየቅሁ አላህ ይወቀው። የድርጅቱ ሰው ጥያቄውን አስደገመኝ።

ጎረቤቱስ ቢሆን፤ አንዱ መጥቶ "ዋና አያውቅም ነበር እንዴ?" ይለኛል፣ ሌላዋ "መርከቡ ብረት ሆኖ ፊቱንስ እንዴት ተንሳፈፈ?" ትለኛለች። ቆሽቴ አረረ። እናቴ ጓዳ ገብታ ሻሿን አፏ ላይ ትይዛለች፤ አባቴ ሳይፈቅዱ ድምፅ አውጥታ አታለቅስም።

አንድ ጠዋት አባቴን ዱላና ስንቅ ይዘው በር ላይ አገኘኋቸው። ባሕር የሚቀርበን በዚያ ስለሆነ ጅቡቲ ሊሄዱ ነው። "ሰው ጠይቄ ታቹን አገኘዋለሁ" አሉ።

ትዕግሥቴ አለቀ። "አባባ፣ ባሕር እኮ እንደ ወንዝ አይወርድም። ታች የለውም። ስንቴ ልንገርዎ?" ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ጮኼባቸው አላውቅም።

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ወዴትም የማይወርድ ከሆነ፣ እዚያው ነዋ ያለው። ሞተር ክፍሉ።"

"አዎ አባባ።"

"እኔ ደግሞ ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ እያንገላታ የሚወስደው መስሎኝ፤ ሰው ሳይደርስለት።"

ወደ ጓዳው ዞረው እናቴን ጠሩ። "ነይ ውጪ፣ አልቅሺለት" አሏት።

እሷ እስክትወጣ ግን እሳቸው ቀድመዋት ነበር።