ከቀንዶቹ የመጣ ድምፅ

ራስሚ እጃቸውን ያልዘረጉለትን ሰዎች ለምን አልጠላቸውም? በስቴንቮ መንደር ይህን ያልጠየቀ የለም፤ መልስ ያገኘም የለም። እሱ ራሱ ሲጠየቅ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ ያገላብጠውና መልሶ ይነክሰዋል። ሚስቱ ኦስላ ደግሞ፣ «የሆዱን የሚዘረግፍ ሰው ቢሆን ኖሮ መች አብሬው እኖር ነበር፤ ሰልችቶኝ ጥዬው እሄድ ነበር» ትላለች። ጥያቄው እንደዚሁ ቀረ። የሚታወቀው የሆነው ነገር ብቻ ነው።

ጊዜው ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች ጀልባ በመቅዘፊያና በሸራ ብቻ የሚሄድበት ዘመን ነበር። በበጋ ወንዶቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ መሬት ከዓይን እስክትጠፋ ድረስ ይቀዝፋሉ። መንጠቆ በመንጠቆ የሆነውን ረጅም ገመድ ወደ ጥልቁ ይለቁታል፤ ከዚያም በእጃቸው እየጎተቱ ያወጡታል። ከመካከላቸው ዋና የሚችል አልነበረም። መማሩም እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። «ባሕር ከፈለገህ ይወስድሃል፤ ዋና ብትችል ጣርህን ታስረዝማለህ እንጂ» ይሉ ነበር።

ራስሚ ባሕር ውስጥ የወደቀው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ገመዱን የሚጎትተው እሱ ነበር፤ ከኋላው የኦስላ ታናሽ ወንድም ላውሪ ዓሣውን እየነቀለ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወረውራል።

«ይሄ ሹራብ አንዱ እጅጌው አልረዘመም?» አለ ላውሪ። «ኦስላ ስትለካህ ዓይኗ ሌላ ወንድ ላይ ነበር መሰለኝ።»

«የምታማት እኮ እህትህን ነው።»

«እህቴ ስለሆነች ነዋ የማውቃት!»

ከጀልባዋ ኋላ መሪውን የያዘው ሽማግሌው ጊልበርት ጮኸባቸው። «አፋችሁን ያዙ! ባሕር ላይ የሴት ስም አይነሣም ብዬ ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?»

ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ሳቃቸውን ሲያፍኑ ገመዱ ከታች ተነጠቀ። አንዱ መንጠቆ ከቆዳ ካፖርቱ ሥር የወጣውን የዚያን ሹራብ እጅጌ ያዘ። ራስሚ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ጀልባዋ ከእግሩ ሥር ሸሸች።

ብርዱ ደረቱን እንደ በር ዘጋው። ገመዱ ይዞት ወረደ። መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፣ ቀጥሎ ጥቁር ሆነ፤ ጆሮው ውስጥ የገዛ ልቡ ይደልቃል። በሌላኛው እጁ እጅጌውን ሲቦጫጭቅ ሱፉ ተተረተረና ለቀቀው። የቆዳ ካፖርቱ ያቈረው አየር ወደ ላይ ገፋው። ብቅ ሲል ጀልባዋ እዚያው አጠገቡ ነበረች።

አምስት ሰዎች ያዩታል። አምስቱንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። አንዱም እጁን አልዘረጋም።

ጭካኔ አልነበረም። በስቴንቮ ሰው ዘንድ ባሕር የያዘውን መንጠቅ አይገባም፤ የነጠቀ በምትኩ ራሱ ይወሰዳል። የጊልበርት አባት አንድ ጊዜ የማያውቀውን መርከበኛ ከውሃ አውጥቶ ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ወጥቶ ቀረ። ጊልበርት ያኔ ልጅ ነበር፤ የአባቱን ራት ይዞ ባሕር ዳር ቆሞ መሸበት። ራስሚ ይህን ታሪክ ያውቃል፤ ያምንበታልም። ስለዚህ «አውጡኝ» አላለም። አውጡኝ ማለት አንዳችሁ ሙቱልኝ ማለት ነበርና።

ላውሪ ትልልቅ ዓሣ የሚወጣበትን፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለውን ዘንግ አነሣ።

«ላውሪ! ተው!» አለ ጊልበርት።

«አጎቴ፣ ሰው ነው እኮ!»

«ሰው መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ሰው ስለሆነ እኮ ነው ተው የምልህ!»

ላውሪ ዘንጉን ሰድዶ የራስሚን ካፖርት ከአንገቱ ላይ ያዘ። ብቻውን ጎተተ። የረዳው የለም፤ የከለከለውም የለም። ራስሚ ዓሣዎቹ ላይ ወድቆ ጨው ጨው የሚል ውሃ ሲያስመልስ ጊልበርት የራሱን ኮት አውልቆ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ወረወረለት።

ጀልባዋን አሸዋው ላይ ካወጧት በኋላ ጊልበርት ወደ እሱ ቀረበ። «ራስሚ፣ ክፉ አስቤብህ አይደለም። መቅዘፊያህን ግን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

«ይስጡ።»

«ሌላም አለ። ጉም በወረደ ቀን ባሕር ዳር ሆነህ ድምፅህን እንዳታሰማ። አባቶቻችን ያሉትን ታውቃለህ። ባሕር ባመለጠው ሰው አፍ ሌላውን ይጠራል። ድምፅህን ከሰማን የምንቀዝፈው ወደ ተቃራኒው ነው።»

«አውቃለሁ፣ አጎቴ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራስሚ አልተኛም። ዓይኑን ሲከድን ያ አረንጓዴ ይመጣል፤ ሲከፍት ቤቱ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል። ኦስላ የገብስ ቂጣ በቅቤ ብትሰጠው እጁ ላይ ይዞት ያመሻል። በማግስቱ ጎረቤታቸው አሮጊቷ ባቢ ወተት ይዛ መጣች፤ ደፍ ግን አላለፈችም።

«ከባሕር አፍ ጉርሻ የነጠቀ፣ ራቱ ራሱ ይሆናል» አለች።

«አክስቴ ባቢ፣ ወተቱን ያስቀምጡና ምላስዎን ይዘው ይሂዱ» አለች ኦስላ።

«ስለ ባልሽ መሰለሽ የምናገረው? እሱማ ወጣ። ስለ ወንድምሽ ነው።»

ኦስላ የወተቱን ማሰሮ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ራስሚ ግን አልደነገጠም፤ አሮጊቷ የተናገረችው እሱ ሌሊቱን ሙሉ ለራሱ ሲነግረው ያደረውን ነው። ያ አረንጓዴ ውሃ በዓይኑ በመጣ ቁጥር ከታች የሚያየው ፊት የራሱ ሳይሆን የላውሪ ነበር።

ሐሙስ ማታ ላውሪን መንገድ ላይ ጠብቆ እጁን ያዘው። «ነገ አትውጣ።»

«አንተ የለህ፣ እኔ ከቀረሁ ጀልባዋን ማን ይቀዝፋታል? የባቢ ድመት?»

«አትቀልድ።»

«እሺ አልቀልድም። ያወጣሁህ እንደ ሬሳ ዓይንህን አፍጥጠህ እንድታየኝ አይደለም። ሂድና ተኛ፣ ወንድሜ።» ትከሻውን መታ አድርጎት እያፏጨ ሄደ።

ዓርብ ማለዳ ጀልባዋ ወጣች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ።

የስቴንቮ ወደብ መግቢያ ጠባብ ነው። በስተግራ ለስላሳው አሸዋ አለ፤ ጀልባ የሚያርፈው እዚያ ነው። በስተቀኝ ቀንዶቹ የሚባሉት ሁለት ጥቁር ድንጋዮች ከውሃው ይወጣሉ፤ ሥራቸው ውስጥ ውስጡን እንደ መጋዝ የተሳለ ነው፤ በጉም ጊዜ የነካቸው ጀልባ አልተረፈም። ስለዚህ ጉም ሲወርድ ሴቶቹ አሸዋው ላይ ተሰብስበው ይጣራሉ፤ ወንዶቹም ድምፁን ተከትለው ይገባሉ። ያን ቀንም ኦስላ፣ ባቢና ሌሎቹ እዚያ ቆመው በየተራ ተጣሩ። ራስሚ ከእነሱ ራቅ ብሎ፣ መረብ እንዲደርቅ ከተሰጣበት አጥር ሥር፣ አፉን በመዳፉ ከድኖ ተቀመጠ።

ብዙ ቆይተው የመቅዘፊያ ድምፅ ሰሙ። ጉም ድምፅን አያርቅም፤ ጆሮህ ሥር ያመጣዋል። ውሃው ሲንጠባጠብ፣ ሰው ሲያስል ይሰማል። ቀጥሎ የላውሪ ሳቅ መጣ።

ያንን ሳቅ ሲሰማ ራስሚ ራሱን ረሳ። በሕይወት አለ! ብድግ ብሎ ወደ ውሃው ሮጠና ባለው ኃይል ጮኸ። «ላውሪ! በዚህ በኩል! በዚህ!»

መቅዘፊያዎቹ ቀጥ አሉ።

«ራስሚ ነው» አለ የላውሪ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ።

«ሰምቻለሁ» አለ ጊልበርት። «አዙሩ።»

«አጎቴ፣ አሸዋው እኮ በዚያ ነው!»

«ማን ነገረህ? እሱ? አዙሩ አልኩ!»

ኦስላ የባሏን ክንድ ይዛ ነቀነቀችው። «ምን አደረግህ! ዝም በል!» ከዚያ ወደ ጉሙ ዞራ ጮኸች። «አጎቴ ጊልበርት! እኔ ነኝ፣ ኦስላ! ወደ እኔ ኑ!»

«ባሕሩ የሚስቱንም ድምፅ አመጣው» አለ አንድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከጀልባዋ። ሴቶቹ ሁሉ አብረው ጮኹ፤ ጀልባዋ ግን ይበልጥ ሸሸች። መቅዘፊያዎቹ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀንዶቹ ሄዱ።

ባቢ አሸዋው ላይ ተንበረከከች። ኦስላ ፊቷን ቧጠጠች። ራስሚ ግን ጆሮውን ወደ መቅዘፊያዎቹ ጥሎ ቆመ። ከእሱ ድምፅ ነው የሚሸሹት። ድምፁ ካለበት ይሸሻሉ፤ ድምፁ የት መሆን እንዳለበት ገባው።

የወደቡን ዳርቻ ዞሮ ሮጠ። ቀንዶቹ ከመሬት ጋር የሚገናኙት በአንዲት ዝቅተኛ የድንጋይ ድልድይ ሲሆን ባሕሩ ሲሞላ ትሰጥማለች። ባሕሩ እየሞላ ነበር። ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ አስመለሰ። ወደ ኋላ ዞረ፤ አንድ እርምጃም ተራመደ። መቅዘፊያዎቹን ሰማ። ሌላ ነገር ለማሰብ እንቢ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሕፃን በእጁና በጉልበቱ ገባበት። ማዕበል ደረቱን መታው፤ ጣቶቹ ባሕር ሣር ላይ ተንሸራተቱ፤ አፉ ጨው ሞላ። ለቅጽበት ያ አረንጓዴ ዳግመኛ ከበበው። ከዚያ ክርኑ ድንጋይ አገኘ።

የመጀመሪያው ቀንድ ላይ ወጥቶ ሲቆም ጀልባዋ በጣም ቀርባ ነበር፤ የቀዛፊዎቹን ትንፋሽ ይሰማል። አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም። ጥርሱ ብቻ ይንገጫገጫል። ሆዱን በጡጫ መታ።

«ላውሪ!» አለ በመጨረሻ። «ወደ እኔ ና! ወደዚህ ቅዘፉ!»

በዕድሜው እንደዚያ ያለ ፍርሃት ፈርቶ አያውቅም፤ ውሃው ውስጥ እንኳ። ከጀልባዋ ሰዎች አንዱ የሚያምነው ነበርና።

«አጎቴ፣ ይኸው እንደገና!» አለ ላውሪ። «ወደ እሱ እንቅዘፍ! አውቀዋለሁ፣ አይከዳንም!»

«እጅህን ከመቅዘፊያው አንሣ! ያዙት!»

ትግል ተሰማ፤ እንጨት ከእንጨት ተጋጨ። ራስሚ ዕንባው ከጨው ውሃው ጋር እየተደባለቀ ጥሪውን ቀጠለ። «ና፣ ወንድሜ! ና! ቀርበሃል!» እያንዳንዷን ቃል በጠራ ቁጥር ላውሪ እንዳያሸንፍ ይጸልያል። መቅዘፊያዎቹ አንድ ላይ ውሃውን መቱ። ጀልባዋ ዞረች። ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ ከወደቡ ማዶ የጀልባ ሆድ አሸዋ ሲፍቅና ሴቶቹ እልል ሲሉ ሰማ። ያኔ ቁጭ አለ።

ሊያመጣው ድልድዩ ድረስ የገባው ላውሪ ነበር። ጊልበርትም ተከተለው፤ እሱ ግን ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ኦስላ ሁሉን ነግራቸዋለች። ላውሪ ይዞት ሲመለስ ሽማግሌው ራስሚን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ወደ ቀንዶቹ ጠራኸን።»

«አዎ።»

«ብንመጣስ?»

«እንደማትመጡ አውቅ ነበር።»

«እኔ እመጣ ነበር» አለ ላውሪ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ይደማል።

«አውቃለሁ» አለ ራስሚ። «ያስፈራኸኝ አንተ ነህ።»

ጊልበርት ወደ ድንጋዮቹ ተመለከተ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድምፅህ እንኳ ያስጠላል» አለ። «እንደሚታረድ በሬ ነው።» ከዚያ እጁን ዘርግቶ ክርኑን ያዘውና እስከ ቤቱ ድረስ አልለቀቀውም።

የመንደሩ እምነት አልተለወጠም። ጊልበርት እስኪሞት ድረስ ባሕር ያመለጠውን እንደሚያስጠራ ያምን ነበር፤ ሆኖም ጉም በወረደ ቁጥር ወደ ራስሚ ቤት ሰው ይልክ ነበር። ራስሚ ጀልባ ላይ ዳግመኛ አልወጣም። ባሕሩ ሳይሞላ ቀንዶቹ ላይ ይወጣና ይጮኻል፤ ከሌላ መንደር የመጡ ጀልባዎች እንኳ ከእሱ ድምፅ መሸሽን ተማሩ። በየጊዜው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ያስመልሰው ነበር፤ ከኦስላ በቀር ማንም አላወቀም። ላውሪ አርጅቶ በአልጋው ሞተ። ባቢ በሕይወት ሳለች «ባሕር አይቸኩልም» ትል ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። ላውሪ እህቱ ቤት ገብቶ፣ ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ የቀረበለትን ዓሣ በልቶ ሳይጨርስ ምድጃው አጠገብ አፉን ከፍቶ አንቀላፋ። ኦስላ ባሏን ተኛ አለችው፤ አልተኛም። ወንበሩን ወደ ላውሪ አስጠግቶ ትንፋሹን አዳመጠ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይነሣል፤ ሲቀጥል ይቀመጣል። በዚያ ወቅት ሌሊቱ ስለማይጨልም መስኮቱ ግራጫ እንደሆነ ነጋ። እሑድ ጠዋት ሰዎቹ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ ላውሪ ነቃ፤ አዛጋና ውሃ ጠየቀ። ራስሚ ጽዋውን ሰጠው፤ እስኪጨርስም አየው። ከዚያ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ ጥሎ፣ ከውጭ የሚሄዱት ሰዎች እግር ገና ሳያልፍ ተኛ።