ሐጃ አሻ የጠጡት ውሃ

ስደተኛ ሁሉ «በሌሊት ወጣን» ይላል። እኛ ጦርነቱ ሲደርስ ከሱዳኗ ደማዚን የወጣነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የጭነት መኪናው ሹፌር ነዳጅ ያገኘው ያን ሰዓት ነበራ! የባሚያ ወጥ ጥጄ ነበር። እሳቱን አጥፍቼ ክዳኑን ገጠምኩት፣ ለራት የምደርስ ይመስል። ባለቤቴ «ልጆቹን ይዘሽ ቅደሚ፣ እኔ እናቴን አሳምኜ እከተላለሁ» አለኝ። እናቱ ግን «ከቤቴ አልወጣም» አሉ። እሱም እሳቸውን ጥሎ መምጣት አልሆነለትም።

ለማታውቁኝ፣ ከድጃ እባላለሁ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ ባምባሲ የሰፈረ ገበሬ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና አሁን የለም። እኔ በልጅነቴ ድንበር ተሻገርኩ፣ ደማዚን ሻይ ሸጥኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። እንግዲህ ድንበሩ ከተማ ኩርሙክ ላይ ስሻገር ወደ አገሬ ገባሁ ወይስ ከአገሬ ወጣሁ? ወላሂ አላውቅም። የስደተኛ መዝጋቢውም አላወቀው።

«ስደተኛ ነሽ?»

«ልጆቼ ናቸው።»

«አንቺስ?»

«እናታቸው ነኛ!»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። «እህቴ፣ የዚህ ዓይነቱን አላስተማሩንም» አለኝ።

አሶሳ ቤት ስፈልግ ደግሞ አከራይዋ የለበስኩትን የሱዳን ቶብ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሱዳኖች ስኳር ታበዛላችሁ፤ ስኳር ጉንዳን ይጠራል።»

«ጉንዳኑን እኔ አባርራለሁ።»

«ውሃም ታበዛላችሁ።»

«እትዬ፣ ታዲያ ሳንታጠብ እንክረም?»

«ውይ! አማርኛሽ እንዴት ያምራል!» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። በማግስቱ ሐጃ አሻ ከእኔ ቀድመው ያንኑ ግቢ አንኳኩተው እንደነበርና ባዶ ክፍል የለም ተብለው እንደተመለሱ ሰማሁ። ሐጃ አሻ ደማዚን ገበያ አብረን ሻይ የሸጥን አሮጊት ናቸው፤ አማርኛ አይችሉም። ክፍሉስ ነበረ፤ ያከራየችው ለአማርኛዬ ነው። ተናድጄ ሐጃን እኔው ዘንድ አስገባኋቸው። አከራይዋ ስታጉረመርም «ጉንዳን ሲያባርሩ ከእኔ ይበልጣሉ» አልኳት።

ልጆቼ እንጀራ ሲያዩ «ማማ፣ ይሄ ክስራ ለምን ወፈረ?» ይላሉ። የእኛ ክስራ ስስ ነው፤ እንጀራው ሆዳቸውን ይሞላል፣ ግን አያረካቸውም። የአሶሳ ክረምትም አስለቅሶናል። ደማዚን ሙቀቱን ስንረግም ኖረን እዚህ ፀሐይ ስትወጣ እጃችንን ዘርግተን እንሞቃለን። ማንጎውን ግን አላማም፣ እሱስ ይጣፍጣል።

ኑሯችን በሻይ ነው። መናኸሪያው ዳር፣ የከሰል ምድጃና አጫጭር ወንበሮች ይዘን፣ ዝንጅብልና ቅርንፉድ የገባበት የሱዳን ሻይ እንሸጣለን። ብዙዎቹ ሴቶች ከስደተኞቹ ካምፕ በሚኒባስ እየተመላለሱ ነው የሚሠሩት። አንድ ቀን ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ማንቆርቆሪያውን ሁሉ ሰበሰቡ። የእኔን ብቻ ተዉልኝ። «አንቺ ያገር ልጅ ነሽ፣ ቀጥዪ። እነሱ ግን ወደ ካምፓቸው ይመለሱ» አለኝ ኃላፊያቸው።

ደሜ ፈላ! ሐጃ ምድጃቸውን አቅፈው እያዩኝ እኔ ሻይ ልቀዳ? ሴቶቹ ከዚያ ቦታ ከተነሱ የልጆቻቸው ጉርሻ አብሮ ይነሳል። ማንቆርቆሪያዬን አንስቼ «እንግዲያው ይሄንንም ውሰደው!» አልኩት። ወሰደዋ!

በማግስቱ ሴቶቹን ሰብስቤ «ቢሮ እንሄዳለን» አልኳቸው። ሠርቶ መብላት ለስደተኛም የተፈቀደ መሆኑን በካምፑ ስብሰባ ነግረውናል፤ ምጽዋት አንለምንም። ደግሞ የአባቴን አገር ወግ አስተማርኳቸው፦ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም። «ተቀመጡ ቢሏችሁ እንዳትቀመጡ! የሚጠጣ ቢሰጧችሁ እንዳትቀምሱ!» ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ሐጃ አሻም «ማንን ልንድር ነው?» አሉ። ብቻ ተስማማን።

የቢሮው አለቃ አቶ ሐሚስ የሚባሉ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። ገና እንደገባን «ተቀመጡ» አሉን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞር ስል ሐጃ አሻ ተመቻችተው ተቀምጠዋል! ጸሐፊዋ ያመጣችውን ውሃም ግጥም አድርገው ጠጥተዋል። «አበላሹብኝ!» አልኩ በሆዴ።

ሐጃ አፋቸውን ጠረጉና በዓረብኛ ለአለቃው እንዲህ አሉ፦ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ቤትህ ገባሁ፣ ውሃህን ጠጣሁ። ከእንግዲህ እንግዳህ ነኝ። እንግዳውን ከተቀመጠበት የሚያስነሳ፣ እሱ የማን ልጅ ነው?»

በርታ ዓረብኛ ይሰማል፣ የእንግዳንም ነገር ያውቃል። አቶ ሐሚስ መነጽራቸውን አወለቁ። ሳቃቸውን ለመዋጥ ታገሉ፣ አልሆነላቸውም። «ይሄ ሴትዮ ከየት አመጣሽው?» አሉኝ ወንድና ሴት በሚያደባልቀው አማርኛቸው። «እናቴ ቢሰማ ቤት አያስገባኝም።»

ተከራከርን። መንገዱ ዳር አይሆንም አሉ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያሉት የማንጎ ዛፎች ሥር ሁላችንም እንድንሠራ፣ አመዱን እንድናጸዳ፣ ማንቆርቆሪያችንም እንዲመለስ ተስማማን። እስክንወጣ ድረስ እኔ አልተቀመጥኩም!

እስከዛሬ ከሐጃ ጋር እንጨቃጨቃለን። «መብታችን ነው እኮ፣ እንግዳ ነን ለምን ይላሉ?» ስላቸው «አንቺ መብትሽን ቆመሽ ጠይቂ፣ እኔ ተቀምጬ አመጣዋለሁ» ይሉኛል። አሁን አከራይ ያስወጣት፣ ልጇን ትምህርት ቤት አንቀበልም ያሏት፣ ሁሏም ማንጎው ሥር ትመጣለች። ተያይዘን እንሄዳለን። እኔ አፍ ነኝ፣ ሐጃ ጉልበት ናቸው። ያቺ አከራያችን እንኳ ባለፈው ለሱዳን ቤተሰብ ክፍል ስታከራይ ሰምቻለሁ። እናንተ በየካምፑ ያላችሁ እህቶቼ፣ ኮርቼባችኋለሁ፣ በራሴም ኮርቻለሁ፤ አላፍርበትም።

ባለፈው ጁምዓ ከደማዚን ስልክ ገባልኝ። አማቴ ናቸው፣ ሐቦባ፣ አያቴ እንደ ማለት፣ ነው የምንላቸው። ሁሉንም ተረክኩላቸው፤ አለቃውን፣ ውሃውን፣ ማንጎውን። ሳቁ፣ ሳቁና «ማሻአላህ» አሉ።

«ሐቦባ፣ ልጅዎን ይዘው ይምጡ። ከተቀመጡበት የሚያስነሳዎት የለም» አልኳቸው።

«እኔ ቤቴ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺስ ወደ ቤትሽ መቼ ትመጫለሽ?»

ለመዝጋቢው፣ ለአከራይዋ፣ ለደንብ አስከባሪው፣ ለአለቃው መልስ ያላጣሁት ሴትዮ ክዳኑን ገጥሜ የተውኩትን የባሚያ ድስት አሰብኩ።

«አሎ?» አሉ ሐቦባ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው። «አሎ? ከድጃ?»